የወደቀችው ዜሮ

አንዳንድ ሰው መጽሐፍ ሲገዛ መጀመሪያ ዋጋውን ያያል። አንዳንዱ ሽፋኑን፣ አንዳንዱ ደግሞ ጀርባው ላይ አስተያየት የጻፈው ማን እንደሆነ ያያል። እኔ ስሕተት ነው የምፈልገው። በሽታ መሆኑን አውቃለሁ። ለዓመታት የተማሪ ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ ሳርም ኖሬ፣ እኔ ማስተማሩን ብተወውም እጄ አልተወውም። ምግብ ቤት ስገባ የምግብ ዝርዝሩን የማነበው ለመምረጥ ሳይሆን ለማረም ነው። «ቅቅል» ከሚለው ላይ አንዷ «ቅ» ጎድላ ካገኘኋት አስተናጋጇን ጠርቼ ካልነገርኩ እህል አይወርድልኝም። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ልንበላ ነው የመጣነው ወይስ ፈተና ልታርም?» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

የምግብ ዝርዝር ስሕተት ግን ማንንም አይጎዳም። የጋዜጣም ቢሆን ነገ ሌላ ጋዜጣ ይወጣል፤ የትናንቱ ስኳር ይጠቀለልበታል። እኔን የሚያስፈራኝ በታሪክ መጽሐፍ ላይ የሚገኘው ነው፤ ያውም በደህናው የታሪክ መጽሐፍ ላይ። ደራሲው የማይታወቅ፣ ወረቀቱ የሳሳ፣ የግርጌ ማስታወሻ የሚባል ነገር ያልጎበኘው መጽሐፍ ሲያጋጥመን እኮ ዓይናችንን ገልጠን ነው የምናነበው። ስመ ጥር ምሁር የጻፈው፣ የተከበረ ተቋም ያሳተመው፣ በየገጹ ማስታወሻ የተደረደረበት መጽሐፍ ላይ ስንደርስ ግን ጥርጣሬያችንን እንደ ጫማ በር ላይ አውልቀን ነው የምንገባው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። የመጽሐፍን ክብር ለመግለጽ ነው የሚሉት። እኔ ግን ዕድሜዬ ሃምሳን ከተሻገረ ወዲህ ስሰማው ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል። ውርስ ሲባል ቤትና መሬት ብቻ አይደለም፤ ዕዳም ይወረሳል።

እስቲ ነገሩን በምሳሌ ላሳያችሁ። ኢትዮጵያና ጣሊያን ለሃያ ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል የተፈራረሙት ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ 1928 መሆኑ ነው። እንግዲህ አንድ ጸሐፊ ከእንግሊዝኛ ምንጭ ወስዶ «እ.ኤ.አ. በ1928 ኢትዮጵያ ከጣሊያን ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራረመች» ብሎ ይጽፋል። ደህና። ከዚያ ጽሑፉን የሚለቅመው ሰው እነዚያን ሦስት ፊደላት ከነነጥቦቻቸው ይዘላቸዋል። ምን ተረፈ? «በ1928 ኢትዮጵያ ከጣሊያን ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራረመች»። 1928 ዓ.ም. ማለት ደግሞ ጣሊያን የመርዝ ጋዝ ያዘነበብን፣ መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የተሸነፍንበት ዓመት ነው። ሦስት ፊደል ወደቀና አገር በሙሉ አበደ። የሚገርመው ደግሞ አንባቢው «የማተሚያ ቤት ስሕተት አገኘሁ» አይልም። «እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው?» ብሎ ሙታኑን ነው የሚወቅሰው።

የኛና የፈረንጆቹ ዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን መሄዱ ለዚህ ዓይነቱ ጥፋት የተመቻቸ ነው። ከፈረንጆቹ ዓመት ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት፣ ከጃንዋሪ ወዲህ ስምንት ይቀነሳል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ኖቬምበር 2 ቀን 1930 ነው። ሰባት ቢቀንሱለት 1923 ዓ.ም.፣ ጥቅምት 23 ቀን። ሳያስብ ስምንት የቀነሰ ሰው ግን 1922 ላይ ያነግሣቸዋል፤ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ያስገዛቸዋል ማለት ነው።

ፊደላችንም የራሱ ወጥመድ አለው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን የማስቀው በዚህ ነበር። «ማረከ» ላይ አንዲት «ተ» ጨምሩበት፤ ማራኪው ምርኮኛ ይሆናል። «ተገደለ» ከሚለው ላይ አንዲት «ተ» አንሱ፤ ሟቹ ገዳይ ሆኖ ይነሣል። «ሲዋጋ ሞተ» እና «ሳይዋጋ ሞተ» የሚሉትን አስተያዩ። በአንደኛው ሐውልት ይቆምለታል፤ በሁለተኛው ልጆቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። በመካከላቸው ያለው አንድ ፊደል ተኩል ነው።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1631 ባሳተሙት አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ከአሥርቱ ትእዛዛት በአንደኛው ውስጥ የአሉታዋ ቃል ወድቃ፣ ምንዝርናን የሚከለክለው ትእዛዝ ምንዝርናን የሚያዝ ሆኖ ታተመ። አታሚዎቹ 300 ፓውንድ ተቀጡ፤ የማተም ፈቃዳቸውንም ተነጠቁ። ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ እየሳቀ ነው የሚያወራው። በእኔ አስተያየት ግን ቀላሉ ስሕተት እሱ ነው። ያንን አንብቦ የሚታለል የለም፤ ድሮውንም ሰበብ ሲፈልግ የነበረ ካልሆነ በቀር።

ይህን የአስተያየት ልዩነት ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። በእርሳስ ፊደል ዘመን ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ሆነው ገብተው፣ ኋላ አራሚ ሆነው ጡረታ የወጡ። ፊደል መልቀም ማለት ከሁለት መቶ ሠላሳ አንዱ ፊደልና ከዲቃሎቹ መካከል እያንዳንዷን የእርሳስ ቅንጣት ከሳጥኗ እያነሡ፣ ያውም ፊቷን አዙራ የተቀረጸችውን፣ በመስመር መደርደር ነው። ዓይንም ጣትም ይጨርሳል። አንድ ቀን ቡና ይዘን «ጋሼ፣ ከባዱ የትኛው ፊደል ነበር? ‹ሰ› እና ‹ለ› ናቸው አይደል የሚያምታቱት?» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

«ፊደል ምን አለበት ልጄ! ፊደል ሲሳሳት ይጮኻል። ‹ሰላም› ‹ለላም› ቢባል ያልተማረ ሰው እንኳ ሲነበብ ሰምቶ ይስቃል። ቁጥር ነው ጉዱ። ቁጥር ሲሳሳት ዝም ነው የሚለው። 1923 እና 1932 ሁለቱም ዓመተ ምሕረት ናቸው፤ በሁለቱም ፀሐይ ወጥቷል፣ በሁለቱም ዝናብ ዘንቧል። የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? በግዕዝ ቁጥር ጊዜማ ተወው! ፮ እና ፯ እኮ መንታ ወንድማማች ናቸው።»

ሲያርሙ ለሁለት ነበር። አንዱ ከረቂቁ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሌላው በታተመው ላይ ይከታተላል። ቁጥር ላይ ሲደርሱ «ሺህ ዘጠኝ መቶ» አይባልም፤ «አንድ፣ ዘጠኝ፣ ሁለት፣ ሦስት» እየተባለ አንድ በአንድ ይጠራል። «ከሰዓት በኋላ ግን ሰው ይደክመዋል» አሉኝ። «ጓደኛህ ያነባል፤ አንተ አንገትህን ትነቀንቃለህ፤ ልብህ የልጆችህ የትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ነው። ስንቱን ሰው ያለ ቀኑ ገድዬው ይሆን? ብቻ እግዜር ይይልኝ።» ቀልድ መስሎኝ ቀና ስል አልሳቁም።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል። የቀለም ወለምታስ? ምሁራኑ ሐሰትና ስሕተት ይለያያሉ ይሉናል። ሐሰት ሐሳብ አለው፤ ስሕተት የለውም። ስለዚህ ተሳሳተ እንጂ ዋሸ አይባልም፤ ኃጢአትም የለበትም። እሺ፣ ይሁን። ነገር ግን ሳያስቡ የጣሉት ድንጋይም ራስ ይፈነክታል። የተፈነከተው ሰው የጣይውን የልብ ንጽሕና መመርመር አለበት?

ወደ ራሴ ልመለስ። ስሕተት ለቃሚ ሰው ከሁሉ የሚጣፍጠው የትልቅ ሰው ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የታወቀ የታሪክ መጽሐፍ ሳነብ የዓድዋ ጦርነት «ማርች 1 ቀን 1896» ተብሎ አየሁ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! የካቲት 23 እኮ ማርች 2 ነው። በየዓመቱ በዓሉ የሚከበረው በዚያ ቀን መሆኑን የቀን መቁጠሪያ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ወዲያው ብዕሬን አንሥቼ በጋዜጣ ላይ አንድ ዓምድ ሙሉ ጻፍኩ። «የዓድዋን ቀን እንኳ በቅጡ የማይቆጥሩ ሊቃውንት» ምናምን አልኩ። አሁን ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከክፍለ ሀገር አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ደብዳቤ ላኩልኝ። እጅግ ጨዋ ደብዳቤ ነው፤ ስድብ የለበትም። ስድብ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። የፈረንጆቹ ቀመር ክፍለ ዘመን በሚሞላበት ዓመት፣ ዓመቱ ለአራት መቶ ካልተካፈለ በስተቀር፣ ፌብሩዋሪ 29ን ይዘላታል። እ.ኤ.አ. በ1900 ዘሏታል። የኛ አቆጣጠር ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ማድረጉን አይተውም። ስለዚህ ከ1900 ወዲህ የሁለቱ ልዩነት በአንድ ቀን ሰፍቷል። ዛሬ የካቲት 23 ማርች 2 ቢውልም፣ በ1888 ዓ.ም. የዋለው ማርች 1 ነበር። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሠዉበት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንዲሁ ነው፤ ያኔ ኤፕሪል 13፣ ዛሬ ኤፕሪል 14። መጽሐፉ ትክክል ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያውም የእኔ ስሕተት ማንም ሊያምነው የሚችል፣ የቀን መቁጠሪያ የሚመሰክርለት ስሕተት ነው። ያን ዓምድ አምኖ መጽሐፉ ላይ «ማርች 2» ብሎ በእስክሪብቶ ያረመ አንባቢ እንዳለ አልጠራጠርም። እሱ መጽሐፍ አሁን የልጁ ይሆናል።

ማረሚያ አወጣሁ። ሁለት መስመር፣ ከጋዜጣው ታች፣ ከሐራጅ ማስታወቂያ ጎን።

ይህን ሁሉ የተናገርኩት አንድ ሌላ ነገር ላለመናገር ሳንዛዛ መሆኑን ብልህ አንባቢ ሳይጠረጥር አልቀረም። እሺ፣ ልናገረው።

1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ስለ ጣሊያን ወረራ ዘመን የተጻፉ ልቦለዶችን አስተምር ነበር። ለልቦለዶቹ መነሻ እንዲሆን የዘመኑን ታሪክ በጥቂቱ አነሣለሁ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የተፈጸመውን ጭፍጨፋም። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፤ ፋሺስቶቹ ሦስት ቀን ሙሉ የአዲስ አበባን ሕዝብ በጥይት፣ በአካፋ፣ በእሳት ፈጁ። ይህን የማያውቅ የለም። በፈተናው አራተኛ ጥያቄ ላይ አንዲት ተማሪ፣ ከኋላ ወንበር የምትቀመጥና እጇን የማታወጣ ልጅ፣ «የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ እንዳስታወቀው 30,000 ሰው አልቋል» ብላ ጻፈች።

እኔ ዘንድ ደግሞ አንድ መጽሐፍ ነበረኝ። ደራሲውን ሁላችንም የምናከብረው ሰው ነው፤ እኔም እስካሁን አከብረዋለሁ፤ ስሙን ያልጠቀስኩትም ለዚያ ነው። በገጽ 214 ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት የገለጸው ቁጥር 3,000 መሆኑን ይናገራል። የልጅቱን ቁጥር በቀይ ከበብኩት። ኅዳጉ ላይ «ማጋነን» ብዬ ጻፍኩ። ከሃያው ሁለት ነጥብ ቀነስኩ።

ቢሮዬ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛው ነበር። «መምህር፣ አያቴ ከስድስት ኪሎ ዝቅ ብሎ ነው የምትኖረው። ያኔ ልጅ ነበረች። የሰፈሯን ሰው ቤት በቤት ትቆጥርልናለች፤ እገሌ ከነሚስቱ፣ እገሊት ከነልጆቿ እያለች። ሦስት ሺህማ...» አለችና ተወችው።

«የአያትሽ ሐዘን ሌላ፣ የታሪክ አኀዝ ሌላ» አልኳት። መጽሐፉን ገልጬ ገጽ 214ን አሳየኋት። አነበበችው። «እሺ መምህር» ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ በሴሚስተሩ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተከራከረችኝም። ጨዋ ተማሪ ሆነች አልኩ።

በነገራችን ላይ ሌላም መጽሐፍ አመሳክሬያለሁ። ጠንቃቃ መምህር ነኝና! ሁለተኛውም መጽሐፍ 3,000 ይላል። የግርጌ ማስታወሻውን ስከተል ወደዚያው መጽሐፍ፣ ወደዚያው ገጽ 214 ይመራኛል። እኔ የብራና ቅጂዎች ሲመሳከሩ የጋራ ስሕተት የጋራ አባት ምልክት ነው እያልኩ የማስተምር ሰው፣ አባትና ልጅ አንድ ቃል ስለተናገሩ ሁለት ምስክር አገኘሁ ብዬ መጽሐፉን ከደንኩ።

ዓመታት አለፉ። ማስተማሩን ትቼ ቤት ስንቀይር መጻሕፍቴን በካርቶን ስጨምር፣ ያ መጽሐፍ ከእጄ አምልጦ በጀርባው ወደቀ። ከኋለኛው ሽፋን ጋር ተጣብቆ የነበረ ግማሽ ገጽ የምታህል ወረቀት ብቅ አለች። «ማረሚያ» ትላለች። ግራው «ስሕተት»፣ ቀኙ «ትክክል»። አሥራ አንድ መስመር። አብዛኛው የፊደል ግድፈት ነው። ሰባተኛው መስመር ግን፣ ገጽ 214፣ 3,000 የሚለው 30,000 ተብሎ ይነበብ ይላል።

ካርቶኑ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ «ምን ሆንክ? ወገብህ ነው?» አለችኝ። ወገቤ አይደለም።

አንባቢ ሆይ፣ እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ለቃሚው አንዲት ዜሮ ጣለ፤ ሰው ነው፣ ይደክመዋል። አራሚው ሳያያት አለፈች፤ እሱም ሰው ነው። ደራሲው ግን አየ። አይቶም አልደበቀም፤ ወረቀት አሳትሞ በእያንዳንዱ ቅጂ ውስጥ አስለጠፈ። ከእሱ የሚጠበቀውን አድርጓል። ያቺ ወረቀት ልጅቱ በሬ ላይ በቆመችበት ሰዓትም መጽሐፉ ውስጥ ነበረች። ከገጽ 214 ተነሥቼ እስከ መጨረሻው ገጽ ብገልጥ አገኛት ነበር።

ለምን አልገለጥኩም? ስንፍና ነው ብል ደስ ባለኝ። ስንፍና ቀላል ኃጢአት ነው። እውነቱ ግን ቁጥሩ ስለተስማማኝ ነው። በዚያ ዘመን ወጣት መምህር ነበርኩ፤ ስሜታዊ መባልን እንደ እሳት የምፈራ። ትልቅ ቁጥር ሲጠራ የሰፈር ወሬ ይመስለኛል፤ ትንሽ ቁጥር ሲጠራ ምሁራዊ ይመስለኛል። መጽሐፉ 300,000 የሚል ቢሆን ኖሮ ወዲያው ማረሚያ እፈልግ ነበር፤ በእርግጠኝነት እናገራለሁ። የማተሚያ ቤቱ ስሕተት እኔ ልሆን የምፈልገውን ሰው ስላስመሰለኝ ሳልጠይቅ አሳደርኩት። ሽማግሌው አራሚ ቁጥር ሲሳሳት ዝም ይላል ያሉት ትክክል ነው። እኔ የምጨምርበት ቢኖር፣ ዝም የሚለው ሲመቸን መሆኑን ነው።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ይቺ ስሕተት ስሕተት አትመስልም። ከጣሊያን በኩልም፣ በጊዜው ከነበሩ አንዳንድ የውጭ ሰዎች በኩልም፣ የሟቾቹን ቁጥር በጥቂት ሺዎች የሚወስኑ ነበሩ። ስለዚህ ዜሮዋ ስትወድቅ ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም የለሽ አልሆነም፤ ወገን ቀየረ እንጂ። 30,000 ራሱም አያከራክርም አልልም። ኢያን ካምፕቤል የሚባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ጭፍጨፋው ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከብዙ ምርመራ በኋላ 19,000 ገደማ ላይ ያደርሰዋል። ታሪክ ነውና ይመረመራል። ልጅቱ ግን 30,000 ሰው አለቀ ብላ አልማለችም። መንግሥት ያስታወቀው ይህን ነው አለች፤ መንግሥት ያስታወቀውም ይህንኑ ነበር። ከሁለታችን በምንጭ አጠቃቀም ጠንቃቃዋ እሷ ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ አገር አንድ የ12 ዓመት ልጅ በኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ውስጥ አምስት ስሕተቶች አግኝቶ ለአዘጋጆቹ ጻፈላቸው። ተቀበሉት፤ አመሰገኑትም። ወሬው በጋዜጦች ላይ ሲወጣ አንብቤ «አይ ፈረንጅ! ልጅ ሲያርማቸው እንኳ ደስ ይላቸዋል» ብዬ ለጓደኞቼ አውርቻለሁ። ሳወራ እኔ ራሴ ቢሮ በር ላይ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ የቆመችው ልጅ ትዝ አላለችኝም። ያኔ ገና ያቺን ማረሚያ አላየኋትም ነበርና ትክክል እንደነበርኩ ነው የማውቀው።

የብራና ጸሐፊዎቻችንን አስባለሁ። እነሱም ይሳሳታሉ፤ ቃል ይዘላሉ፣ መስመር ይደግማሉ። ሲያርሙ ግን ስሕተቱን እዚያው በተሠራበት ቦታ በቢላ ፍቀው፣ እዚያው ላይ ነው ደግመው የሚጽፉት። የዘለሉትን ቃል በመስመሮቹ መካከል በደቃቁ ያስገቡታል። አንባቢ ስሕተቱን ሲያገኝ እርማቱንም አብሮ ያገኛል። ያለ ሥልጣኑ የሚፍቀውን ደግሞ ከሌባው እኩል አውግዘውታል። ሕትመት መጣና ስሕተቱ ገጽ 214 ላይ፣ ንስሐው ከኋለኛው ሽፋን ሥር ሆነ። ስሕተቱ በአደባባይ፣ ይቅርታው በሹክሹክታ። እኔ ዓድዋን ሳርም እንዳደረግኩት ማለቴ ነው፤ አንድ ዓምድ ለስሕተቴ፣ ሁለት መስመር ለእርማቴ።

ዛሬ ደግሞ ብሷል። ያ መጽሐፍ በገበያ ላይ የለም፤ በየሰዉ ስልክ ግን በቴሌግራም ይዞራል። አንድ ደግ ሰው ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ ፒዲኤፍ አድርጎታል። አወረድኩትና እስከ መጨረሻው ሄድኩ። የስም ማውጫው አለ፤ የኋለኛው ሽፋን እንኳ አለ። ያቺ ግማሽ ወረቀት የለችም። ወይ ከእሱ ቅጂ ላይ ቀድማ ወድቃለች፣ ወይም ቁራጭ ወረቀት ነች ብሎ ትቷታል። 3,000 ግን እዚያው ቦታዋ ላይ አለች። ከዚያ የሚቀዳው ተማሪ ማንን ይጠይቃል?

እኔ ባለኝ ቅጂ ላይ ዜሮዋን በእርሳስ ጨምሬያታለሁ። አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ላለውም ቅጂ እንዲሁ ላደርግ ስል ሠራተኛዋ «አባባ፣ መጽሐፍ ላይ መጻፍ ክልክል ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። ልክ ነች። ብነግራት ጊዜ ማረሚያዋን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ባመጣ ከገጹ ጋር እንደምታያይዝልኝ ቃል ገባችልኝ። ወስጄላት አያይዛለች። ያንን በማድረጌ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ ብዙም አላለኝም። እኔ ስሕተቱን የሠራሁት መጽሐፉ ላይ አይደለማ። የእኔ ስሕተት ያለው በአንዲት ልጅ የፈተና ወረቀት ኅዳግ ላይ ነው። ወረቀቱን ጥላው ይሆናል፤ ወይም በሆነ ካርቶን ውስጥ ይሆናል። አያቷም እስካሁን በሕይወት አይኖሩም።

ስሟን አስታውሳለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም። ጋዜጣ ታነብ እንደሆነም አላውቅም። ይህ ዓምድ ራሱ ያው የመጽሐፍ ጀርባ ነው፤ የተሳሳትኩበት ቦታ አይደለም። ሌላ ቦታ ግን የለኝም።

ማረሚያ፦ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በታረመ አንድ የፈተና ወረቀት፣ አራተኛ ጥያቄ፣ ኅዳጉ ላይ በቀይ የተጻፈው «ማጋነን» የሚለው ቃል ይሰረዝ። 18 የሚለው 20 ተብሎ ይነበብ።